ከአቤቱታ እስከ ሕዝበ ውሳኔ፦ በምዕራብ ጎጃም የሕዝብ ጥያቄ የሄደበት መንገድ

በኢትዮጵያ አንድ ጥያቄ ለሕዝበ ውሳኔ የሚቀርበው ዜጎች ፊርማ ስላሰባሰቡለት ሳይሆን መንግሥት ወይም ምክር ቤት ስለወሰነለት ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ በ18 ወር 100 ሺህ ፊርማ የተገኘለት የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ይቀርባል፤ ካሊፎርኒያም ከ1911 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመሳሳይ ሥርዓት አላት። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር ግን ገበሬው አገር አቀፍ ጥያቄ ቀርቦለት ድምፅ የሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1979 ዓ.ም።

ከዚያ በፊት መንገዱ አቤቱታ ነበር። ባለጉዳዩ ማመልከቻውን በጸሐፊ አስጽፎ ከወረዳ እስከ ጠቅላይ ግዛት ደጅ ይጠናል፤ እዚያ ካልተሳካለት ስንቁን ቋጥሮ አዲስ አበባ ይዘልቅና ንጉሠ ነገሥቱ በሚያልፉበት መንገድ ዳር ወረቀቱን ከፍ አድርጎ «አቤት» ይላል። የ1923ቱም ሆነ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ዘውዱ የሰጠው እንጂ ሕዝብ ድምፅ የሰጠበት አልነበረም።

አቤቱታ አልሰማ ሲል የሚከተለው እምቢታ ነው። በ1960 ዓ.ም የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ የሰብል ገማቾችን ወደ ማሳው አላስገባም አለ። ግምቱ ለርስተኛው የቀላድ (የመሬት ልኬት) መጀመሪያ መስሎ ታየው፤ መሬት ከተለካ ርስት ይነጠቃል የሚለው ስጋት በጎጃም የቆየ ነውና። ተወካዮች መርጦ አቤቱታ ላከ፤ በአገረ ገዢው በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስተዳደር ላይም አመለከተ። መንግሥት ጦር አዘመተ፣ በአውሮፕላንም ደበደበ። በመጨረሻ አገረ ገዢው ተነሥተው ደጃዝማች ደረጀ መኰንን ተተኩ፣ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። ያለ ሳጥን የተሰጠ ድምፅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ዋጋው ግን የሰው ሕይወት ነበር።

በ1979ኙ ሕዝበ ውሳኔ ጥያቄውን ያነሣው ከላይ ያለው አካል ነው። በ1978 ዓ.ም የተቋቋመው 343 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት አርቃቂ ኮሚሽን 120 አንቀጾች ያሉት ረቂቅ አወጣ። አንድ ሚሊዮን ቅጂ ታትሞ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ ተሠራጨ፤ በ25 ሺህ ያህል ቦታዎችም ውይይት ተካሄደበት። ከአንድ ሚስት በላይ ማግባትን ጨምሮ ጋብቻን የሚመለከተው ጉዳይ በተለይ በሙስሊሞች ዘንድ ብርቱ ክርክር አስነሣ። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም ድምፅ ተሰጠ፤ በይፋ እንደተነገረው 81 በመቶው ደገፈ። ከተወያዮቹ መካከል ግን ሌላ ጥያቄ በወረቀቱ ላይ ማስፈር የሚችል አልነበረም፤ ምርጫው ረቂቁን መቀበል ወይም አለመቀበል ብቻ ነው።

የኅዳር 29 ቀን 1987ቱን ሕገ መንግሥት ያጸደቀው ሕዝበ ውሳኔ ሳይሆን ለዚሁ የተመረጠ ጉባኤ ነው። ሆኖም ሰነዱ ለሕዝበ ውሳኔ በጽሑፍ የሰፈረ ሥርዓት አበጀለት። በአንቀጽ 47 መሠረት ክልል መሆን የሚሻ ብሔር፣ ብሔረሰብ ወይም ሕዝብ ጥያቄውን በምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያጸድቃል፤ ከዚያም በጽሑፍ ለክልሉ ምክር ቤት ያቀርባል። ክልሉ ጥያቄው በደረሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል፣ አብላጫ ድምፅም ይወስናል። ለመገንጠል ጥያቄ ደግሞ አንቀጽ 39 የሦስት ዓመት ጊዜ ይሰጣል።

መሬትን የመሰለ ጉዳይ በዚህ ሥርዓት ውስጥ የለም። የአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም የመሬት ሽግሽግ ሲያውጅ በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር ሥራ ላይ የነበሩት «ቢሮክራሲ» ተብለው ተፈረጁና ይዞታቸው በአራት ጥማድ ተወሰነ። የጎጃም ገበሬዎች እንደ አባቶቻቸው ተሰባስበው አቤቱታቸውን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ፤ ሽግሽጉ ግን ቀጠለ።

አንቀጽ 47 በተግባር የተፈተነው በሲዳማ ነው። የዞኑ ምክር ቤት በሐምሌ 2010 ዓ.ም ክልል ለመሆን ወሰነ፤ የአንድ ዓመቱ ጊዜ ድምፅ ሳይሰጥ አለፈና ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም የተቀሰቀሰው ግጭት የሰው ሕይወት ቀጠፈ። ምርጫ ቦርድ ድምፁን ያሰጠው ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም ነው። በወረቀቱ ላይ ሁለት ምልክቶች ነበሩ፦ ክልል መሆንን ለሚደግፍ ሻፌታ፣ በደቡብ ክልል መቆየትን ለሚመርጥ ጎጆ። ሻፌታ 98.51 በመቶ አገኘ። በመስከረም 2014 እና በጥር 2015 ዓ.ም ሌሎች የደቡብ ዞኖች በየተራ ድምፅ ሰጡ። በአማራ ክልል ደግሞ የቅማንትን የራስ አስተዳደር በተመለከተ መስከረም 7 ቀን 2010 ዓ.ም በስምንት ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ ሰባቱ በነበሩበት አስተዳደር መቆየትን መረጡ።

ለምዕራብ ጎጃም ግን በሩ የተዘጋው ገና ከምክር ቤቱ ነው። ከቡሬ ብዙ የማይርቀው የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር እንጅባራ ላይ የተመረጠ ምክር ቤት አለው። ፍኖተ ሰላም የተቀመጠው የዞን አስተዳደር የክልሉ መንግሥት ቅርንጫፍ እንጂ የራሱ ምክር ቤት ያለው አካል አይደለም፤ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ የሚቆጠርበት ጉባኤ የለውም። የምዕራብ ጎጃም ነዋሪ ጥያቄ ቢኖረው በወረዳ ምክር ቤቱ ወይም ባሕር ዳር በላካቸው ተመራጮቹ በኩል ያነሣል። ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል ቢባል እንኳ አንቀጽ 104 ሐሳቡ ለሕዝቡ ለውይይትና ለውሳኔ ይቀርባል ይላል እንጂ የሕዝብ ድምፅ የሚሰጥበትን ሥርዓት አላበጀም፤ በአንቀጽ 105 መሠረት የሚወስኑት ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶችና የክልል ምክር ቤቶች ናቸው።