በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ የወጣቶች ሰፈር መሪዎች ታሪክ

ሰው የገዛ ልጁን ማሳደጉ የተፈጥሮ ግዴታው ስለ ሆነ ማንም አያደንቀውም። የሰውን ልጅ በደመወዝ የሚያስተምርም የድካሙን ዋጋ በየወሩ ይቀበላል። ነገር ግን የዕረፍት ወራቱን ትቶ፥ የመንገዱን ገንዘብ ከኪሱ ከፍሎ፥ የማያውቀውን ሰው ልጅ ከባዕድ አገር ልጅ ጋራ በአንድ ድንኳን አሳድሮ ሌሊት የሚጠብቅ ሰው ምን ሊባል ይገባዋል? እንዲህ ያለው አገልግሎት ባለፈው አንድ መቶ ዓመት በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። ጅማሬውንና ፈተናውን ፍሬውንም መመርመር ልጅ ለወለደም ልጅ ለሚያስተምርም ይጠቅማል። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ መነሻ እንግሊዝ አገር ነው። ጄኔራል ባደን ፖዌል በደቡብ አፍሪካ ጦርነት የማፌኪንግን ከተማ ከብዙ ወራት ከበባ ጠብቀው ስማቸው ገንኖ ነበር። እኒህ ሰው በ1907 በኦገስት ወር በፑል ወደብ ውስጥ ወደምትገኘው ብራውንሲ ወደምትባል ደሴት 20 ያህል ልጆች ይዘው ሄዱ። የልጆቹ አመራረጥ በዚያ ዘመን እንግዳ ነገር ነበረ፤ እኩሌቶቹ ኢቶንንና ሃሮን ከመሰሉ የመኳንንት ትምህርት ቤቶች ሲመጡ፥ እኩሌቶቹ የሠራተኛ ልጆች ነበሩ። ክፍያውም እንደየአቅሙ ተወሰነ፤ የባለጠጋው ልጅ 1 ፓውንድ፥ የድኻው ልጅ 3 ሽልንግ ተኩል ከፈለ። በሰፈሩ ውስጥ ግን አንድ ምግብ በልተው አንድ ዓይነት ድንኳን ውስጥ አደሩ። ጄኔራሉ ከአፍሪካ ዘመቻ ያመጡትን የአጋዘን ቀንድ እየነፉ ይቀሰቅሷቸው ነበር። ልጆቹ በአራት ጭፍራ ተከፈሉ፤ ለየጭፍራውም አለቃ ሆኖ የተሾመው ከልጆቹ አንዱ እንጂ ከአዋቂዎቹ አንዱ አልነበረም። ስለዚህ የአዋቂው ሥራ ማዘዝ መሆኑ ቀረና ማሳየት፥ መጠበቅና ማመን ሆነ።

በሚቀጥለው ዓመት በ1908 የባደን ፖዌል የስካውት መጽሐፍ ታትሞ በወጣ ጊዜ ልጆች እየገዙ አነበቡት፤ አንብበውም ማንንም ሳይጠይቁ በየመንደሩ ጭፍራ እያቋቋሙ ዱር ለዱር ይሄዱ ጀመር። ከዚያ በኋላ መሪ ሊሆናቸው የሚፈቅድ አዋቂ ፈለጉ። እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ ልጁ መሪውን ፈለገ እንጂ መሪው ልጁን አልሰበሰበም። ጥያቄው ግን ወዲያው ተነሣ፤ ይህን ሥራ በነጻ ሊሠራ የመጣ ሰው ሁሉ ልጅ ሊሰጠው ይገባልን? በጎ ፈቃድ ብቻውን ዕውቀት አይሆንም።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የተሰጠው ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1919 ደ ቧ ማክላረን የተባሉ ስኮትላንዳዊ፥ በሎንዶን ዳርቻ ያለውን የጊልዌልን ርስት ገዝተው ለስካውቶች ሰጡ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች፥ ይኸውም ጎልማሶች የሆኑ መሪዎች፥ እንደ ልጆች በጭፍራ ተከፍለው፥ በድንኳን አድረው፥ ውሃ ቀድተውና እንጨት ሰብረው ተማሩ። ትምህርቱን ለጨረሱትም በጠፍር ላይ የተሰኩ ሁለት የእንጨት ዶቃዎች ተሰጧቸው። የልጅን ድካም ያልቀመሰ ልጅን ሊመራ አይችልም የሚለው አሳብ በዚህ ሥርዓት ሆነ። ባደን ፖዌልም ለመሪዎች በጻፉት መጽሐፍ፥ መሪው የትምህርት ቤት መምህር ወይም የጦር አለቃ ሳይሆን እንደ ታላቅ ወንድም ሊሆን እንደሚገባው አስረዱ።

ከዚህ ወዲያ ነገሩ ከአንድ አገር አልፎ የዓለም ሆነ። በ1920 በሎንዶን በኦሊምፒያ አዳራሽ ከ34 አገሮች 8 ሺህ ያህል ልጆች ተሰበሰቡ፤ ጃምቦሪ የተባለው የዓለም ስካውቶች ጉባኤ መጀመሪያው ይህ ነው። በ1929 ደግሞ በበርከንሄድ አጠገብ በአሮው ፓርክ 50 ሺህ ያህል ወጣቶች ተገናኙ። ዝናሙ አላቋርጥ ስላለ ሜዳው ሁሉ ጭቃ ሆነ፤ መሪዎቹ ከልጆቹ ጋራ በጭቃ እየተመላለሱ ድንኳን ሲያቀኑ ሰነበቱ። በመጨረሻው ቀን ባደን ፖዌል የጦርነት ምልክት የሆነ መጥረቢያ ቀብረው፥ ወርቅ የተቀቡ የእንጨት ፍላጻዎችን የሰላም ምልክት አድርገው ወደየአገሩ እንዲደርሱ አደሉ። መጥረቢያው ግን ከዐሥር ዓመት በላይ ተቀብሮ አልቆየም።

የዚህ ታሪክ ከባዱ ምዕራፍ በሁንጋሪያ አገር በጎደሎ የተፈጸመው ነው። ጎደሎ በቡዳፔስት አጠገብ ያለች፥ የነገሥታት ቤተ መንግሥትና ሰፊ ደን የሚገኙባት ከተማ ናት። በ1933 በዚያ ደን ውስጥ አራተኛው ጃምቦሪ ሲደረግ 26 ሺህ ያህል ወጣቶች መጡ፤ ምልክታቸውም ነጭ አጋዘን ነበረ። የሰፈሩ አለቃ ኮንት ፓል ቴለኪ ነበሩ። እኒህ ሰው የመልክዐ ምድር ሊቅ፥ አስቀድሞም ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ ናቸው፤ ታላቅነታቸው ሳይከለክላቸው ለልጆች ድንኳን ሹም ለመሆን ፈቀዱ።

በ1939 ቴለኪ ዳግመኛ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በዚያው ዓመት በጁላይ መጨረሻ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ 5 ሺህ 800 ያህል ልጃገረዶች በዚያው በጎደሎ ደን ሰፈሩ። ጉባኤያቸውም የሰላም ጉባኤ ተባለ። በየጭፍራቸው አብረዋቸው የመጡት ሴቶች መሪዎች የጦርነቱ ወሬ እየቀረበ በሄደበት ወራት የሰውን ልጆች ተቀብለው ድንበር ተሻግረው ነበር። ልጆቹ ዘፈንና ጨዋታ ሲለዋወጡ የመሪዎቹ ልብ በባቡር መንገድና በድንበር ላይ እንደ ነበረ ለመገመት አያስቸግርም። ኦገስት 7 ቀን ሰፈሩ ተፈታ። ሴፕቴምበር 1 ቀን ጀርመን ፖላንድን ወረረ። በመካከሉ ያለው ጊዜ አንድ ወር እንኳ አልሞላም።

ስለ ቴለኪም ሁለት ነገር ይነገራል፤ ሁለቱም እውነት ነው። የጀርመን ጦር በሁንጋሪያ በኩል አልፎ ፖላንድን እንዲወጋ አልፈቀዱም፤ ለተሰደዱት ፖላንዳውያንም ድንበሩን ከፈቱ። በ1941 ግን ሁንጋሪያ የወዳጅነት ውል ከገባችላት ከዩጎዝላቪያ ጋራ እንድትዋጋ በተገደደች ጊዜ፥ የአገራቸው ቃል ስለ ፈረሰ ኅሊናቸው አልቻለምና ኤፕሪል 3 ቀን ራሳቸውን አጠፉ። በሌላው ወገን ደግሞ፥ በ1920 የአይሁድ ልጆች ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የሚገቡበትን ቁጥር የሚወስነው ሕግ የወጣው በርሳቸው ሹመት ዘመን ነው። በ1939 በሜይ ወር አይሁድን ከሥራና ከመብት የሚያርቀው ሁለተኛው ሕግ የጸደቀውም እንዲሁ በርሳቸው መንግሥት ነው። የባዕድ አገር ልጆችን በደን ውስጥ በፍቅር ያስተናገደ እጅ፥ በገዛ አገሩ ልጆች ላይ የትምህርት ቤት በር ዘጋ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት መራራ ነው፤ ሰፈር መምራት ሰውን በራሱ ጻድቅ አያደርገውም። በድንኳን ውስጥ የተማረውን ወደ ቤቱና ወደ ሸንጎው ይዞት ካልገባ፥ የሁለት ሳምንት ደግነት ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ ተቃዋሚ፦ «ይህ ሁሉ ጃምቦሪ ጦርነቱን አላስቀረም፤ ምን ጠቀመ?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጦርነትን የሚያነሡት በድንኳን ያደሩት ልጆች ሳይሆኑ በሸንጎ የተቀመጡት አዋቂዎች እንደ ሆኑ ግን አይዘነጋ። ደግሞም ጦርነቱ እንዳለቀ በ1947 በፈረንሳይ አገር በሞአሶን የሰላም ጃምቦሪ ሲጠራ፥ በረኀብና በፍርስራሽ መካከል የኖሩ አባቶችና እናቶች ልጆቻቸውን ለመሪዎች አደራ ሰጥተው ላኩ። ከዚያ ሁሉ ደም በኋላ ይህ መተማመን መገኘቱ ራሱ ፍሬ ነው።

ለዚሁ ጥያቄ ከሁሉ የጠለቀ መልስ የሰጡት አሜሪካዊቱ የሥነ ልቡና ሊቅ ዶክተር ዶሪስ አለን ናቸው። እኒህ ሴት በ1901 ተወልደው በ2002 ያረፉ ናቸው። የሰላም ትምህርት ከአዋቂዎች ይልቅ ከልጆች መጀመር አለበት ብለው፥ በ1951 በኦሃዮ ግዛት በሲንሲናቲ አጠገብ የመጀመሪያውን የዓለም ልጆች የበጋ መንደር አቋቋሙ። የመረጡት ዕድሜ 11 ዓመት ነው፤ የዚህ ዕድሜ ልጅ የአገሩን ልማድ ይዞ ለመምጣት በቅቷል፥ ሌላውን ሕዝብ ለመጥላት ግን ገና አልጠነከረም ብለዋልና። ሥርዓቱም እንዲህ ሆነ፤ ከየአገሩ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆች ይላካሉ፥ ከነርሱም ጋራ 21 ዓመት የሞላው አንድ አዋቂ መሪ ይሄዳል። በመንደሩም አራት ሳምንት ያህል አብረው ይኖራሉ።

የዚህ መሪ ሥራ በወሬ ሲሰማ ቀላል ይመስላል፤ በተግባር ግን አስተርጓሚ፥ አስታማሚ፥ ሒሳብ ያዥና እናት መሆን ነው። የልጆቹን የይለፍ ወረቀትና መድኀኒት ይይዛል፤ ናፍቆት ይዞት ሌሊት የሚያለቅሰውን ያባብላል፤ የባዕድ ምግብ እምቢ ያለውን ይለምናል። አንዱ ልጅ የሌላውን አገር በስድብ ሲጠራ ነገሩን ሳያዳፍን፥ ልጁንም ሳያዋርድ ያስታርቃል። ልጆቹ ከተኙ በኋላም ከሌሎች አገሮች መሪዎች ጋራ ተቀምጦ ይመክራል፤ ትልቁ ፈተናው ይህ ነው። ልጆች ጠዋት ተጣልተው ማታ ይታረቃሉ፤ አዋቂዎች ግን ስለ ሥነ ሥርዓት፥ ስለ ምግብና ስለ መኝታ ሰዓት ሲከራከሩ የየአገራቸው ኩራት ይነሣባቸዋል። ልጆቹን ሊያስተምር የሄደው ሰው ትዕግሥትን ራሱ የሚማረው በዚህ ሸንጎ ነው። አበው «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» እንዳሉት፥ የሰውንም ልጅ መውደድ የሚታወቀው በሰልፍና በሰንደቅ ዓላማ ቀን ሳይሆን፥ ልጁ ባስቸገረበት ቀን ነው።

የመሪ ክብር ሲነገር የከዳተኛው መሪ ነውር ሊሸሸግ አይገባም። በ2020 የአሜሪካ ወንዶች ስካውት ማኅበር በወጣትነታቸው በመሪዎች ተደፈርን ያሉ ሰዎች ባቀረቡት ክስ ምክንያት ዕዳ መክፈል አልችልም ብሎ ለፍርድ ቤት አመለከተ፤ ካሣ የጠየቁትም ከ80 ሺህ በላይ ሆኑ። ብዙዎቹ ለዓመታት ዝም ያሉት የመሪው ስም ከልጁ ቃል ይልቅ ይታመን ስለ ነበረ ነው። ስለዚህ በዛሬው ጊዜ በብዙ ማኅበሮች መሪ ለመሆን የሚፈልግ ሰው ያለፈ ታሪኩ ይመረመራል፤ ስለ ልጆች ጥበቃም ትምህርት ይወስዳል፤ ብቻውንም ከአንድ ልጅ ጋራ በስውር ቦታ እንዳይቀመጥ ይከለከላል። ቅን ሰው በዚህ ሕግ አይቀየምም፤ ሕጉ ልጁንም ይጠብቃል፥ የእርሱንም ስም ይጠብቃል።

የዚህ አገልግሎት ክብደት በቅርቡ ደግሞ ታየ። በ2023 በኦገስት ወር በደቡብ ኮሪያ በሴማንጉም ከ150 በሚበልጡ አገሮች የመጡ 43 ሺህ ያህል ሰዎች ሰፈሩ። ስፍራው ከባሕር የተወሰደ፥ ዛፍ የሌለበት ሜዳ ነበረ። ሙቀቱ ከመጠን በላይ ሆኖ ብዙዎች ታመሙ፤ የእንግሊዝ፥ የአሜሪካና የሲንጋፖር ስካውቶች ሰፈሩን ትተው ወጡ። ከዚያም ዐውሎ ነፋስ ስለ ቀረበ ኦገስት 8 ቀን የቀሩት ሁሉ በአውቶቡስ ተነሡ። የቦታውን ዝግጅት ያጓደሉት ሹሞች ናቸው፤ ልጆቹን እየቆጠሩ፥ ውሃ እያጠጡ፥ አንድም ሳይጎድል ወደ አውቶቡስ የማግባቱ አደራ የወደቀው ግን በየጭፍራው በነበሩት መሪዎች ላይ ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ ደመወዝ የሌላቸው፥ ለመምጣታቸው ራሳቸው የከፈሉ ነበሩ።

ከብራውንሲ እስከ ሴማንጉም ያለው ታሪክ ሲመዘን፥ የሰፈሩ መሪ ጦርነትን የሚያስቀር ኀይል እንደሌለው ግልጽ ነው። የተሰጠው ነገር ከዚያ ያንሳል፤ ነገር ግን እርግጠኛ ነው። አንዲት እናት በሩቅ አገር ሆና፥ ቋንቋዋን የማይናገር ሰው ልጅዋን እንደ ልጁ ጠብቆ እንደ መለሰላት ታውቃለች። ልጁም ጠላት ነው ሲባል የሰማው ሕዝብ ሌሊት ብርድ ልብስ ያለበሰውን ሰው እንደ ወለደ ያውቃል። ይህን ያወቀ ልጅ አድጎ በሸንጎ ሲቀመጥ ያንን ሌሊት ያስታውስ ወይም ይርሳ፥ ፈንታው የራሱ ነው። የመሪው ፈንታ ግን አደራውን ተቀብሎ በሙሉ ቁጥር መመለስ ነው።