የጣቢታ መርፌ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ስፍራም አፍና አፍንጫን መሸፈን ግዴታ ሆነ። የማስክ ዋጋ ናረ። እኛም በየቤታችን እየጸለይን አንድ ነገር ጠየቅን፦ ይህ ሁሉ መሸፈኛ ከማን እጅ ይምጣ?

ጥያቄው አዲስ አልነበረም። ከመቶ ዓመት በፊት በማንቹሪያ ወደ 60,000 ሰው በጨረሰው የሳንባ ወረርሽኝ ጊዜ ዶክተር ዉ ሊየን-ተ ጥጥ በሻሽ ጠቅልሎ ርካሽ መሸፈኛ አሠራ። ብዙም ሳይቆይ እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው ኢንፍሉዌንዛ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን አስለቀሰ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተረፉ። በዚያው ወረርሽኝ በአሜሪካ የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ ሴቶች ተሰብስበው የሻሽ ማስክ ይሰፉ ነበር።

በ2012ም መርፌው ከሴቶች እጅ አልራቀም። አብዛኞቹ ሠራተኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች በሆኑበት በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ማስክ ተሰፋ። እስከዚያ ድረስ ለውጭ ገበያ ልብስ ይሰፋ የነበረበት እጅ ለወገን ደረሰ።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን አማኑኤልን፣ ቢቸናንና ሞጣን እናስብ። የጎጃም እናት ከልጅነቷ ጀምሮ ጥጥ ትዳምጣለች፣ በእንዝርት ትፈትላለች። የሚሸምነው ግን ወንድ ነው፤ በገበያ በረንዳ ላይ በመኪና የሚሰፋውም አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው። ስለዚህ ጋቢው ሲሸጥ ገንዘቡ በሌላ እጅ ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2012 ሦስት ድርብ የጨርቅ ማስክ ሲመክር፣ ሥራው በእጅ መርፌ እንኳ የሚቻል ነበር። ለገጠሯ ሴት የሚጎድላት ጨርቅ፣ ልክ የሚያሳያት ሰውና የድካሟን ዋጋ የሚከፍላት ገዢ ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምናስባት እርዳታ ተቀባይ አድርገን ነው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ግን ሌላ ሴት ያሳየናል። በኢዮጴ የነበረችው ጣቢታ በአዲስ ኪዳን የግሪክኛው ጽሑፍ ደቀ መዝሙር በሚለው ቃል የሴት አጠራር የተጠራች ብቸኛዋ ሴት ናት። በሞተች ጊዜ መበለቶች እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት የሰፋችላቸውን ልብስ ነበር። ስብከት አልተጻፈላትም፤ ምስክሯ ስፌቷ ሆነ። ጌታም በጴጥሮስ ጸሎት ከሞት አስነሣት።

የጨርቅ ማስክ ደግሞ አንድ የሚያስተምረን ነገር አለ። ከለበሰው ሰው ይልቅ በአጠገቡ ያለውን ይጠብቃል፤ ከአፋችን የሚወጣውን ጠብታ ይይዛልና። ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድ በክርና በጨርቅ ሲሠራ እንዲህ ይመስላል።

ወገኖች፣ ወረርሽኙ ቢያልፍም ጥያቄው አላለፈም። በአጥቢያችን የምትፈትል፣ የምትሰፋ፣ ግን ማንም ሥራ ሰጥቷት የማያውቅ እህት ማን ናት? ሌላ መከራ ሳይመጣ እንፈልጋት፤ የስፌት መኪና እናጋራት፣ ዋጋዋን እንክፈላት።

ጌታ ሆይ፣ በእህቶቻችን እጅ ያኖርከውን የምናይበት ዓይን ስጠን። አሜን።