ኪሪኩ፦ ያልተጠየቀውን የጠየቀ ሕፃን

በባዕድ አገር ልጅ ለምናሳድግ ወገኖች፣ ከልጆቻችን ጋር ቁጭ ብለን የምናየው ካርቱን ሞልቷል፤ አፍሪካዊ ልጅ ጀግና የሆነበትን ማግኘት ግን ይቸግራል። ከጥቂቶቹ አንዱ «ኪሪኩ» ነው።

ደራሲው ፈረንሳዊው ሚሼል ኦስሎ በልጅነቱ ጊኒ፣ ኮናክሪ ኖሯል። የመጀመሪያው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1998 ወጣ፤ በ2005 እና በ2012 ሁለት ተከተሉ። የመጀመሪያው ድምፅ የተቀረፀው ዳካር ነው፤ ሙዚቃውም የሴኔጋላዊው ዩሱ ንዱር ነው።

ከማኅፀን ሆኖ የሚናገረው፣ እትብቱን ራሱ የሚቆርጠው ይህ ሕፃን፣ ወንዶቹን በላች፣ ምንጩን አደረቀች የተባለችውን ጠንቋይ ካራባን ይገጥማል። መንደርተኛው ይፈራታል እንጂ ለምን ክፉ ሆነች ብሎ የጠየቀ የለም። እሱ ጠየቀ። ምስጢሩን የነገሩት አያቱ ናቸው፦ ወንዶች ይዘው ጀርባዋ ላይ የሰኩባት መርዘኛ እሾህ ነው! በጥርሱ ነቀለላት። ጭራቅ በጎራዴ ሲቀላ እየሰማን ላደግን ለእኛ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የእንግሊዝና የአሜሪካ አከፋፋዮች ግን አመነቱ፤ የመንደሩ ሴቶች ደረታቸው አልተሸፈነማ! ይሸፈን ቢባል ኦስሎ አሻፈረኝ አለ። ሰው በጥይት ሲረግፍ የማይደነግጥ ገበያ በእናት ጡት መደንገጡ፣ እኔን በበኩሌ ያስገርመኛል። ፈረንሳይ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው አየው፤ በ1999 ደግሞ በአንሲ የአኒሜሽን ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት ወሰደ።