ከቤተ ልሔም ምልክት እስከ ጊታር ፔዳል

አንድ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሻገር መሀል ላይ ያልተጠራ ድምፅ እንዳይገባ መጠበቅ ከኤሌክትሪክ ጋር የመጣ ጭንቀት ተደርጎ ይታሰባል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ግን መብራት ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት የኖረ ሙያ ነው። ጋይንት የድጓው ቤተ ልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕቱም ዙር አምባ አገር ናት፤ የቆማ ዜማ ስሙን ያገኘው ደግሞ ከእስቴው ቆማ ፋሲለደስ ነው። በእነዚህ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ጉባኤ ቤቶች ተማሪው የሚደክመው ዜማውን ለመያዝ ብቻ አይደለም። ከፊደሉ በላይ የተጻፉት ምልክቶች፣ ማለትም ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ሂደትና ቁርጥ፣ ድምፅ የት እንደሚቆም፣ የት እንደሚሮጥ፣ እንዴት እንደሚሻገር ጭምር ይነግሩታል። ይህን የምልክት ሥርዓት በማደራጀት ትውፊት የሚያነሣቸው በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1540–1559) የነበሩትን አዛዥ ጌራንና አዛዥ ራጉኤልን ነው። አቋቋሙም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ከቁም ዜማ ወደ ዝማሜ፣ ከዝማሜ ከበሮና ጸናጽል ወደሚገቡበት መረግድ፣ ከዚያም ወደ ጽፋት ሲታለፍ ያለ ቦታዋ የወደቀች አንዲት የከበሮ ምት ማኅሌቱን ሁሉ ትሰብራለች።

ጊታር ወደ አገራችን መድረክ በሰፊው የገባው በሌላ መንገድ፣ በክብር ዘበኛና በፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች፣ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በኋላም በአዲስ አበባ ሆቴሎች ባንዶች በኩል ነው። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1972 ኒው ዮርክ ላይ ባሳተመው ሸክላ ውስጥ ዋ-ዋ ፔዳል የገባበት ጊታር ይሰማል። የጊታር ድምፅ በእግር የሚለወጥ ከሆነ የመሻገሪያው ጥያቄ አብሮ ይመጣል። አንዱን አምፕሊፋየር ለጠራ፣ ሌላውን ለሻካራ ድምፅ የሚጠቀም ተጫዋች መምረጫ ፔዳል ያስፈልገዋል፤ ቤት ውስጥ የተሠራው ፔዳል ደግሞ በተረገጠ ቁጥር «ጧ» ይላል።

ይህ «ጧ» ብዙ ጊዜ የሚወለደው ከተንጠለጠለ ካፓሲተር ነው። ስዊቹ አንዱን መስመር ሲቆርጥ የካፓሲተሩ አንድ ጫፍ ከምንም ሳይገናኝ ይቀራል፤ ካፓሲተር ደግሞ በጥቂቱም ቢሆን ያፈሳል፣ ጫፉም ላይ ቮልቴጅ ይጠራቀማል። ዳግም ሲረገጥ የተጠራቀመው በቅጽበት ይወርድና አምፕሊፋየሩ እንደ ማንኛውም ድምፅ ያጎላዋል። መድኃኒቱ ከመግቢያውና ከሁለቱም መውጫዎች ወደ ግራውንድ አንዳንድ የ1 ሚሊዮን ኦም ሬዚስተር መበየድ ነው። ቮልቴጁ ሳይጠራቀም ቀስ ብሎ ይፈስሳል፤ ሬዚስተሩ ትልቅ ስለሆነ የጊታሩን ድምፅ አይጎዳም። ፔዳሉ ላይ የምልክት መብራት ካለች የእሷንም ሽቦ ከድምፁ መስመር ማራቅ ይገባል። ሁለቱ አምፕሊፋየሮች አንድ ላይ ሲገናኙ የሚሰማው እንደ ንብ የሚያጉረመርም የ50 ኸርዝ ድምፅ ግን ሌላ በሽታ ነው። እሱን አንደኛው መውጫ ላይ በሚገባ የድምፅ ትራንስፎርመር መለየት ይቻላል፤ የአምፕሊፋየሩን የምድር ሽቦ መቁረጥ ግን ሰው ይገድላል።

የቅዱስ ያሬድን ዜማ ከጊታር ፔዳል ጋር ማንሣት ድፍረት ነው የሚል ይኖራል። አንዱ ጸሎት፣ ሌላው ዕቃ ነውና ማመሳሰሉ በእርግጥም አይገባም። የምለው ግን ስለ ጆሮው ነው፤ የካፓሲተሩ ዕውቀት ከውጭ መጣ፣ መሻገሪያውን የሚመረምረው ጆሮ ግን እዚሁ ነበረ። ከበድ ያለው ተቃውሞ ሁለተኛው ነው፤ የእኛ ሙዚቃ ሻካራነትን ይወዳል፣ ታዲያ ለምን እናጥራው? እውነት ነው፤ የማሲንቆ ጭራ ይሻክራል፤ በገና ላይም ያ ነዛሪ ድምፅ እንዲወጣ እንዚራ የሚባለው ቁራጭ ቆዳ ሆን ተብሎ ከአውታሩ ሥር ይገባል። ነገር ግን እንዚራውን ያስገባው ደርዳሪው ራሱ ነው፤ ቦታውን መርጦ፣ አስተካክሎ፣ ሰምቶ። የፔዳሉን «ጧ» ማንም አልመረጠውም፤ የሚመጣውም ተጫዋቹ ዝም ባለባት ቅጽበት ነው። እንዚራውን ያስገባች እጅ ሬዚስተሩንም ብትበይድ ከልማዷ አልወጣችም።

በነፋስ መውጫና በመካነ ኢየሱስ ኤሌክትሮኒክስ የምታስተምሩ መምህራን፣ ስዊች ስታስረዱ ቁርጥና ሂደት የሚሉትን ቃላት ተጠቀሙባቸው። ልጆቹ ቃላቱን ከአጎቶቻቸው ያውቋቸዋል።