የዩኒክስ ስያሜዎች አመጣጥና የተርጓሚው ኃላፊነት

ማናቸውም ቃል ከተወለደበት ሁኔታ ርቆ በኖረ ቁጥር የስያሜው ምክንያት ይሰወራል። ይህ በዕለት ተዕለት ንግግር የሚታይ ቢሆንም በሙያ ቃላት ላይ በተለይ ይበረታል። የኮምፒዩተርን ሥራ የሚያስተባብረው ሥርዓተ ክወና፣ በተለምዶ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚባለው፣ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ብዙዎቹ ስያሜዎቹ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪው እንኳ ግልጽ አይደሉምና። ዩኒክስ በተባለው ሥርዓት ውስጥ ከሚገኙት ጥቂቶቹን መርጠን አመጣጣቸውን እንመረምራለን። ዓላማችንም የቃሉ ታሪክ ሳይታወቅ የሚደረግ ትርጉም ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ማመልከት ነው።

በመጀመሪያ የሥርዓቱን ስም እንመልከት። በ1960ዎቹ አጋማሽ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክና የቤል ቤተ ሙከራዎች በኅብረት መልቲክስ የተባለ ሰፊ ሥርዓት መሥራት ጀምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ቤል ከኅብረቱ ወጣ። በዚያው ዓመት ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በአንዲት አነስተኛ ኮምፒዩተር ላይ የራሳቸውን ሥርዓት ማነጽ ጀመሩ። ባልደረባቸው ብራያን ከርኒሃን ብዙነትን የሚያመለክተውን «መልቲ» አንድነትን በሚያመለክተው «ዩኒ» ተክቶ ስም አወጣለት። እንግዲህ ዩኒክስ የሚለው ቃል የቀድሞውን ሥርዓት የሚተርብ ቀልድ ነው። መልቲክስን የማያውቅ ሰው ቀልዱን አያገኘውም።

ሁለተኛው ጉዳይ የስሞቹ ማጠር ነው። በዚያን ዘመን ሰውና ኮምፒዩተር የሚነጋገሩት ቴሌታይፕ በሚባል የጽሕፈት መሣሪያ ነበር፤ በሰፊው የታወቀው ዓይነት በሰከንድ 10 ፊደላት ብቻ ያትም ነበር። ስለዚህም ትእዛዞቹ በሁለትና በሦስት ፊደል ተቀነበቡ። «ካት» የተባለው ትእዛዝ ለሚሰማው ሁሉ ድመት ይመስላል፤ ነገር ግን ማያያዝ የሚል ፍች ካለው ቃል የተቆረጠ ሲሆን ሥሩም ሰንሰለት ማለት የሆነው የላቲን ቃል ነው። «ቲቲዋይ» የቴሌታይፕ መሣሪያው አኅጽሮት ነው፤ መሣሪያው ከአገልግሎት ከወጣ ብዙ ዘመን ቢሆነውም ስሙ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ከነዚህ ሁሉ እንግዳ የሚሆነው «ግሬፕ» ነው። ይህ ቃል ከመነሻው ቃል አልነበረም። በጽሑፍ ማረሚያው ፕሮግራም ውስጥ «በመላው ጽሑፍ እንዲህ ያለውን የፊደላት ቅንብር ፈልገህ መሥመሩን አትም» ለማለት የሚጻፉት ምልክቶች የመጀመሪያ ፊደላት ሲገጣጠሙ የሰጡት ድምፅ ነው። ቶምፕሰን ይህን ተግባር ራሱን የቻለ ፕሮግራም ሲያደርገው ትእዛዙ ወደ ስም ተለወጠ፤ ዛሬ ደግሞ ባለሙያዎች እንደ ግሥ ያረቡታል። እ.ኤ.አ. በ1977 የተሠራው «ኦክ» በአንጻሩ የሦስቱ ሠሪዎቹ፣ የአሆ፣ የዋይንበርገርና የከርኒሃን፣ የስማቸው መነሻ ፊደላት ነው። በነዚህ ውስጥ ሊተረጎም የሚችል ፍች ፈልጎ መድከም ከንቱ ነው።

ተርጓሚውን ይበልጥ የሚፈትነው «ዴመን» የተባለው ስያሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በማሳቹሴትስ ተቋም የፈርናንዶ ኮርባቶ ቡድን ማንም ሳያዛቸው ከበስተኋላ ለሚሠሩ ፕሮግራሞች ይህን ስም ሰጠ። ስሙን የወሰዱት ከፊዚክስ ነው፤ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ፈጣንና ዘገምተኛ ሞለኪውሎችን እየለየ በሁለት ክፍሎች መካከል የሚያሳልፍ፣ በር ላይ የቆመ ረቂቅ ፍጡር በሐሳቡ ስሎ ነበርና። ኋላ ላይ ስሙ የእንግሊዝኛ ቃላት አኅጽሮት ነው የሚል ማብራሪያ ተፈጠረለት፤ ነገር ግን ከስሙ በኋላ የመጣ ልብ ወለድ ሥርወ ቃል ነው። በግእዝ ወንጌል «ጋኔን» ክፉውን መንፈስ ያመለክታል። በጥንታዊው ግሪክኛ ግን «ዳይሞን» በጎም ክፉም ሊሆን የሚችል በአማልክትና በሰው መካከል ያለ መንፈስ ነበር። እንግዲህ ስያሜውን «ጋኔን» ብለን ብንተረጉመው ያልነበረውን ክፋት እናሸክመዋለን። «አገልጋይ» እንዳንለው ደግሞ ይህ ቃል «ሰርቨር» ለሚባለው ተይዟል። የማክስዌል ፍጡር በር ጠባቂ እንደ መሆኑ «ስውር ዘብ» ቢባል ከመነሻው ምስልም ከዛሬው ተግባርም ይስማማል እንላለን።

አንዳንድ ስያሜ ደግሞ ነገሩ ተለውጦ እርሱ የቀረ ነው። «ዩዝር» የተባለው ማኅደር ስሙን ያገኘው የተጠቃሚዎች ሰነዶች ይቀመጡበት ስለ ነበር ነው፤ ቆይቶ የሥርዓቱ ፕሮግራሞች ገቡበት፣ ባለቤቶቹ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወሩ። «ኮር ደምፕ» ውስጥ ያለው «ኮር» እስከ 1970ዎቹ ድረስ ማኅደረ ትውስታ ይሠራበት የነበረው ትንሽ ማግኔታዊ ቀለበት ነው። ይህን ያልተረዳ ተርጓሚ «እምብርት» ሊለው ይችላል፤ ትክክለኛው ፍች ግን «የማኅደረ ትውስታ ግልባጭ» ነው።

ከዚህ በመነሣት ስያሜዎቹን በሦስት ወገን እንከፍላቸዋለን። አኅጽሮትና የሰው ስም የሆኑት በድምፃቸው ተጽፈው ማብራሪያ ሊታከልላቸው ይገባል፤ ኮምፒዩተሩም የሚቀበለው እነዚያኑ ፊደላት ብቻ ነውና ቢተረጎሙ ተማሪው አይሠራባቸውም። በምሳሌያዊ አነጋገር የተሰየሙት በመነሻ ምስላቸው ይተርጎሙ። መነሻቸው የጠፋው ግን በዛሬው ተግባራቸው ይሰየሙ። መዝገበ ቃላትም ከፍቹ አጠገብ አመጣጡን በአንድ መሥመር ቢያስቀምጥ የተሻለ ነው። አንድ ጊዜ በመማሪያ መጽሐፍ የገባ የተሳሳተ ቃል ትውልድ ይማርበታል፤ ከዚያ በኋላ ለማረም መነሣት ከአሠራሩ ይልቅ ይከብዳልና።