ስሟን ያገኙትና እንጀራቸውን ያገኙባት

አኳሪየም ባለበት ቤት ወይም ሆቴል ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ ሳታዩዋት አልቀራችሁም። ከትንሽ ጣት የማትበልጥ፣ ጎኗ ላይ ሰማያዊ መስመር የሚያበራ፣ ከሥሩ ቀይ የሆነች ዓሣ ናት። ብቻዋን ስትሆን ትፈራለች፣ ቀለሟም ይደበዝዛል፤ ቢያንስ ስድስት ሆነው በመንጋ ሲዋኙ ግን ገንዳው ሕይወት ይዘራል። ቴትራ ትባላለች። ሁለት የታወቁ ዘመዳሞች አሉ፦ ቀይዋ ከወገብ በታች ብቻ የሆነው ኒዮንና ቀይዋ ከራስ እስከ ጭራ የሚደርሰው ካርዲናል።

የእነዚህ ዓሣዎች ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነገረው የስማቸው ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኒዮንን ለንግዱ ዓለም ያስተዋወቀው በ1930ዎቹ አማዞን ውስጥ የሚዘዋወር ኦጉስት ራቦ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ዓሣዋ መጀመሪያ አውሮፓ ደረሰች። በ1936 ደግሞ ጥቂቶቹ ሂንደንበርግ በተባለው ግዙፍ የጀርመን አየር መርከብ ተጭነው አትላንቲክን ተሻገሩ። ያው መርከብ በዓመቱ አሜሪካ ሲያርፍ በእሳት ጋየ። ሳይንቲስቱ ጆርጅ ማየርስ በዚያው በ1936 ለዓሣዋ ሳይንሳዊ ስም ሲሰጣት በፊላደልፊያ የአኳሪየም መጽሔት ያሳትም በነበረው በዊልያም ኢነስ ሰየማት።

የካርዲናል ስም ደግሞ ፀብ አስነሳ። የካቲት 20 ቀን 1956 የስሚዝሶኒያኑ ሊዮናርድ ሹልዝ ዓሣዋን በሌላ አሳታሚ፣ በኸርበርት አክስልሮድ ስም ሰየማት፤ ጽሑፉ የወጣውም በራሱ በአክስልሮድ መጽሔት ላይ ነበር። በማግስቱ ማየርስና ስታንሊ ዋይትስማን ለዚያችው ዓሣ ሌላ ስም አወጡ። የእንስሳት ስያሜን የሚዳኘው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን በ1957 ለቀደመው ፈረደ። አክስልሮድ በአንድ ቀን ልዩነት አሸነፈ።

እንግዲህ ሁለቱ ዓሣዎች የሁለት አሜሪካውያን አሳታሚዎችን ስም ይዘው ቀሩ። በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ዓሣዋን ከውሃ ያወጣት ሰው የለም።

ያ ሰው ያለው ብራዚል ውስጥ፣ ከማናውስ ከተማ በሪዮ ኔግሮ ወንዝ ሽቅብ ሲሄዱ በምትገኘው ባርሴሎስ ነው። እዚያ ትንንሽ ዓሣ ፒያባ ይባላል፣ አጥማጁም ፒያቤይሮ። ሥራው ታንኳ፣ የእጅ መረብና ትዕግሥት ይጠይቃል። የወንዙ ውሃ የበሰበሰ ቅጠል ስላቀለመው እንደ ሻይ ጠቁሯል። በክረምት ሞልቶ ጫካው ውስጥ ይገባል፤ ዓሣዎቹም ተከትለው ገብተው በዛፎቹ መካከል ይመገባሉ፣ ያድጋሉ። ውሃው ሲሸሽ ግን እጅግ ብዙዎቹ በየኩሬው ቀርተው ይሞታሉ ወይም ይበላሉ። በዱር ያለች ካርዲናል አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ብዙም አትዘልቅም፤ በደህና ገንዳ ግን ለዓመታት ትኖራለች። ፒያቤይሮው የሚወስደው፣ ባይወስደውም ብዙው ከማይተርፈው ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጫካው ከተመነጠረ ዓሣው እንደሚጠፋ ያውቃል።

ንግዱ ሲደራ ከዚህ አካባቢ በዓመት በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ካርዲናሎች ይወጡ ነበር፤ የባርሴሎስ ገቢ ከግማሽ በላይ የሚሆነውም ከዚሁ ነበር። በከተማዋ ዛሬም ሕዝቡ በሁለት ጎራ ተከፍሎ፣ አንዱ በካርዲናል ሌላው በዲስከስ ዓሣ ስም፣ በጭፈራ የሚፎካከርበት በዓል አለ። ኑሮው ግን የተንደላቀቀ አልነበረም፤ በመሃል ያለው ነጋዴ ብዙ ስለሆነ ለአጥማጁ የምትደርሰው ሱቅ ውስጥ ከሚከፈለው ዋጋ ጥቂቷ ብቻ ናት።

ኋላ ላይ ካርዲናልም እንደ ኒዮን በእስያና በአውሮፓ እርባታዎች መራባት ጀመረች። ገዢውም «ከዱር ከተያዘ የረባው ይሻላል፣ ተፈጥሮ አይጎዳም» አለ። ሐሳቡ ቅን ነው። ለብዙ እንስሳትም ትክክል ነው። እዚህ ግን ተገላቢጦሽ ሆነ። ገበያው ሲቀዘቅዝ ፒያቤይሮው ጫካውን ሳይነካ የሚኖርበትን ሥራ አጣ፤ የቀሩለት መንገዶች ወደ ከተማ መሰደድ፣ ወይም ደኑንና ወንዙን የሚጎዳ ሥራ ነው። ላቢሽ ቻኦ የተባሉት ተመራማሪ በ1989 የጀመሩት የፒያባ ፕሮጀክት ይህንኑ ለዓመታት ሲወተውት ኖሯል፦ ዓሣውን ግዙ፣ ዛፉ ይተርፋል። ብራዚልም በ2014 ለሪዮ ኔግሮ የጌጥ ዓሣዎች የትውልድ ቦታ መለያ ሰጠች።

ጫካ ዘበኛ ስለቆመለት ብቻ አይጠበቅም። ቆሞ ሲውል እንጀራ የሚሰጠው ሰው ሲኖር ነው የሚጠበቀው። ስለዚህ ገንዳው ፊት የቆመ ገዢ ከዋጋዋ በፊት የሚጠይቀው አንድ ነገር አለ፦ ይህች ዓሣ ከየት መጣች? ማንስ አጠመዳት? የአሳታሚዎቹ ስም መዝገብ ላይ ተጽፏል፤ ማንም አይነካውም። የአጥማጁ እንጀራ ግን የሚወሰነው በዚህ ጥያቄ መልስ ነው።