ከፍሬው የሚበላና ከዘሩ የሚበላ

በሁለት ሰዎች መካከል ቆሞ ማገናኘት የቆየና የሚያስፈልግ ሥራ ነው። ገበያ ያለ ደላላ፥ ጋብቻም ያለ አማላጅ አይሳካም። ነገር ግን መካከለኛው የሁለቱን ልብ ያውቃል፤ ሁለቱ ግን እርስ በርሳቸው አይተያዩም፤ ስለዚህ ማታለል እንደ እርሱ የሚመቸው ሰው የለም። ለዚህም የኤልሳዕ ሎሌ ግያዝ ምሳሌ ነው። ጌታው አልቀበልም ያለውን ዋጋ እርሱ በጌታው ስም ለመነ፤ ንዕማንም ለነቢዩ የሰጠ መስሎት ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ አስረከበው።

ይኸው ነገር በመጻሕፍት ሥራም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1875 ገደማ ኤ. ፒ. ዋት የተባለ ሰው በለንደን ከተማ ስለ ደራስያን ሆኖ ከአሳታሚዎች ጋር መዋዋል ጀመረ። ደመወዙም ደራሲው ከሚያገኘው ከመቶው ዐሥር ነበረ፤ ደራሲው ካላገኘ እርሱም አያገኝም። በዚያው ዘመን ግን ጀማሪው ስሙን ታትሞ ለማየት መናፈቁን አይተው፥ ድርሰቱን በብዙ አመስግነው፥ የማሳተሚያውን ገንዘብ አስቀድመው የሚቀበሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1884 የተመሠረተው የለንደን የደራስያን ማኅበርም ጀማሪዎችን ከእንደነዚህ ያሉት ማስጠንቀቅን አንድ ሥራው አደረገ። እንግዲህ ልዩነቱ ይህ ነው፤ እውነተኛው አገናኝ ከፍሬው ይበላል፥ ሐሰተኛው ግን ከዘሩ ይበላል።

ይህን ልዩነት አለማወቅ በለንደን ገንዘብ አስጠፍቶ እንደ ሆነ፥ በሐድያና በከምባታ ከተሞች ግን የሰው ነፍስ አስጠፍቷል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 ከዘር መድልዎ አገዛዝ ከወጣች በኋላ፥ ይልቁንም ከ1993 ዓ.ም. ወዲህ፥ ከሆሳዕና፥ ከሾኔ፥ ከፎንቆና ከዱራሜ ብዙ ወጣቶች ወደዚያ መሰደድ ጀመሩ። መሬቱ ጠባብ፥ ሕዝቡ ብዙ ነው፤ የተማረውም ሥራ አጣ። ቀድመው የሄዱት በሱቅ ንግድ ገንዘብ አግኝተው ወደ አገራቸው ላኩ፤ በሆሳዕናም አዳዲስ ቤቶች ተሠሩ። ይህ እውነት ነበረ፤ ደላላውም መያዣ ያደረገው ይህንኑ እውነት ነው፤ ፍጹም ሐሰት የሆነ ነገር ብዙ ሰው አያታልልምና።

በዚያው ዘመን ከውጭ አገር የመጣ አንድ ሰባኪ የደቡብ መንገድ እንደሚከፈት በሆሳዕና ተንብዮአል ተብሎ ተወራ። ቃሉ እንዴትም ቢተረጐም፥ ያልላከውን ሰው ስም ጠርቶ የመንገድ ዋጋ የሚቀበል ሁሉ የግያዝ ወንድም ነው።

የሰፈሩ ደላላ ብዙ ጊዜ ዘመድ ወይም ጎረቤት ነው። ከሞያሌ ወዲያ ግን ተጓዡን የሚረከበው ሌላ ነው፤ በናይሮቢ ሌላ፥ በታንዛንያና በማላዊም ሌላ ነው። ቤተ ሰቡ የሚያምነው አንዱን ነው፤ ልጁ የሚወድቀው ግን በሌላው እጅ ነው። አባት በሬውን ሸጦ፥ መሬቱን አስይዞ ከከፈለ በኋላ በመንገድ ላይ ጭማሪ ይጠየቃል፤ ያን ጊዜም እምቢ ማለት አይችልም፤ መያዣው ልጁ ነውና።

መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ፥ በቴቴ አውራጃ፥ ከማላዊ በመጣ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ። ታኅሣሥ 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ዳርቻ 27 ሬሳ ተጥሎ ተገኘ። በሁለቱም ስፍራ ሟቾቹ ኢትዮጵያውያን እንደ ሆኑ የየአገሩ ባለ ሥልጣኖች ተናገሩ። እንዲህ ያለ ወሬ በመጣ ቁጥር የልጁን ድምፅ ያጣ ቤት ሁሉ ይሸበራል።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 ሠራተኛ ወደ ውጭ አገር የሚልክ ሁሉ ፈቃድ እንዲኖረው፥ የቪዛውንና የመጓጓዣውንም ወጪ አሠሪው እንዲችል አዝዟል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178 ደግሞ በሰው የሚነግደውንና ሰውን በስውር ድንበር የሚያሻግረውን ይቀጣል። ነገር ግን ሕግ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነውና፥ አስቀድሞ የሚጠብቀው የከፋዩ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ድርሰቱን ይዞ አሳታሚ የሚፈልግም ሆነ ሻንጣውን ይዞ አሠሪ የሚፈልግ ሦስት ነገር ይጠይቅ። አገናኙ ዋጋውን ከማንና መቼ ይቀበላል? ከእርሱ በስተ ኋላ ያለውን ሰው ፊት ለፊት ያሳያልን? ስሙን የሚጠራውስ ሰው ራሱ ቢጠየቅ ይመሰክርለታልን? የኤልሳዕ ቤት ሩቅ አልነበረም፤ ንዕማን ሠረገላውን መልሶ አንድ ጊዜ ቢጠይቅ ኖሮ ብሩ ከእጁ ባልወጣ ነበር።